በሦስት ዛፍ የሞቀ ውሃ

ያ በጋ የሚታወሰው በአቧራው ነው። ሙቀቱማ በየዓመቱ አለ፤ ቺላ የሚሉት አርባው የቃጠሎ ቀን ሲገባ የፈርጋና ሸለቆ ውሻ ከቦይ አይወጣም፣ ዶሮውም ክንፉን ዘርግቶ ሲያለከልክ ይውላል። የዚያን ዓመት ግን ዝናቡ ገና ከፀደይ ስለጠፋ የጥጡ ማሳ ዱቄት ሆኖ ነበር። ሴቶቹ ከኩትኳቶ ሲመለሱ ቅንድባቸው ሳይቀር ነጭ ነው። ላባቸው ፊታቸው ላይ መስመር ባያወጣ ኖሮ ማን ማን እንደሆነች አይለይም ነበር። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ በእንጨት መደብ ላይ ይጋደማል፤ ትራሱ አፈር አፈር ይሸታል፣ ዳቦው በጥርስ መሐል ይንኮሻኮሻል።

ሙሐዮ ያኔ ሁለተኛ ልጇን ጡት ያስጣለች ወጣት ነበረች። የማርጊላን ልጅ ናት። ማርጊላን ከተማ ነው፤ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ከወላጆቿ ደጅ ማዶ ስለነበር ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር የምትሄደው። ሪሽቶን አጠገብ ወዳለችው ወደ ኦቃሪቅ መንደር በትዳር ስትመጣ ሌላው ሁሉ ተመቻት፤ የቸገራት ይህ ብቻ ነው። በመንደሩ ሴት የምትታጠበው ጋጣ ውስጥ፣ በሳፋ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ነበር።

ባሏ ዮልዶሽ የኅብረት እርሻው መኪና ነጂ ነው። እጀ ትልቅ፣ ቀስ ብሎ የሚስቅ፣ ክፉ ከአፉ የማይወጣ ሰው።

«ማርጊላኗ፣» አላት አንድ ቀን ከማሳ ስትመለስ አይቷት፣ «ጡብ ሠሪ ቤት የገባሁ መሰለኝ።»

«አንተስ? ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ። ጡብና ናፍጣ ቢጋቡ ምን ይወልዳሉ?»

ዮልዶሽ ትንሽ አሰበና «ሻወር፣» አለ።

በማግሥቱ ከጋራዥ የተጣለ በርሜል ጭኖ መጣ። ገለባ ጨምሮ ውስጡን አቃጠለው፤ ሙሐዮ በአመድና በአሸዋ እየፈተገች የናፍጣው ሽታ እስኪጠፋ ድረስ አጠበችው። ከውጭ ጥቁር ቀለም ተቀባ፤ ጥቁር ነገር ፀሐይ ይስባልና። ከጓሮው ጥግ ቦዩ አጠገብ አራት ቋሚ ተከሉ፤ በርሜሉን ጎረቤት ጠርተው ከላዩ ሰቀሉት። ዙሪያውን በሸምበቆ ከለሉት፣ ወለሉን ጡብ አነጠፉበት፣ ፍሳሹን ወደ ኮኩ ዛፍ ሥር መሩት። ከቧንቧው አፍ ላይ ዮልዶሽ በሚስማር የበሳሳውን የቲማቲም ጣሳ አሰረ። ከዚያ እሱ መሰላል ላይ፣ እሷ ከሥር ሆና ባልዲ እየተቀባበሉ ሞሉት። ልጆቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ማታ ግን ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። በማግሥቱም እንዲሁ። ከቦዩ ዳር የቆሙት ዛፎች ፀሐይዋን እስክታዘቀዝቅ ድረስ ይከልሏት ነበር።

እነዚያ ዛፎች የኢልሆም ናቸው። ኢልሆም የዮልዶሽ ታናሽ ነው፤ ያኔ ወታደር ቤት ነበር። ወንድ ልጅ ሲወለድ አባት በቦይ ዳር ቴራክ ይተክላል። ቴራክ ሳይጎብጥ ሽቅብ የሚሄድ ዛፍ ነው፤ ልጁ ለትዳር ሲደርስ ዛፉም ለጣሪያ ወጋግራ ይደርሳል። ልጁና ቤቱ አብረው ያድጋሉ ማለት ነው። የዮልዶሽ ዛፎች ተቆርጠው እሱና ሙሐዮ የሚተኙበት ጣሪያ ከሆኑ ቆይተዋል። የቀሩት የታናሽየው ነበሩ፤ አባትየው ማማራሱል በየጠዋቱ ግንዳቸውን መታ መታ ሳያደርግ ሻይ አይጠጣም። በዚያ ሳምንት ሽማግሌው የታመመች እህቱን ሊጠይቅ ኮካንድ ሄዶ ነበር።

«የሚጋርዱን ሦስቱ ብቻ ናቸው፣» አለች ሙሐዮ።

«የኢልሆም ናቸው።»

«መሆናቸውን መች አጣሁት። መቆረጣቸው እንደሆነ አይቀር፤ ቀድመው ተቆርጠው ቢጠብቁትስ?»

ዮልዶሽ አንገቱን አከከ። «ቴራክ በክረምቱ ብርድ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ነው የሚቆረጠው። በቅጠሉ ከተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል፣ ጣሪያ አይሸከምም።»

«እሺ፣ ተወው በቃ። እኔ እንደሆንኩ ከላሟ ጋር ተላምጃለሁ። ጀርባዬን በጭራዋ ታሽልኛለች።»

ዮልዶሽ ሳቀ። ሲስቅ ያየችው ጊዜ ነገሩ እንዳለቀለት ገባት። ቁረጥ አላላችውም፤ ኋላ ራሷን ስታጽናና ይህን ስንት ጊዜ ብላዋለች። እሱ ግን ከሰዓት በኋላ መጋዙን አነሣ።

ውሃው በሚቀጥለው ቀን ሞቀ። እንዴት ያለ መሞቅ ነው! ሙሐዮ ቧንቧውን ከፍታ አቧራው ከጉልበቷ ላይ ቡናማ ሆኖ ሲወርድ እያየች ለብቻዋ ሳቀች። ሽማግሌው ከኮካንድ የተመለሰው እሷ እዚያው ውስጥ፣ ፀጉሯ ላይ ሳሙና እንዳለ ነበር። በሸምበቆው ቀዳዳ አየችው፤ ጥቅሉን ሳያስቀምጥ በቀጥታ ወደ ጉቶዎቹ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ እርጥቡን በጣቱ ነካው።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባ፣» አለ ዮልዶሽ።

«በቅጠሉ?»

«በቅጠሉ።»

ሙሐዮ ቧንቧውን ዘጋች። ያኔ «እኔ ነኝ ያልኩት» ብትል ነገሩ በቁጣ ያልቅ ነበር። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እያቃጠላት ዝም ብላ ቆመች። ሽማግሌው ጥቅሉን መሬት ላይ አኖረ። ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ እንደ ወትሮው ከቦዩ ዳር እጅና እግሩን ታጠበ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ሻወሩ ውስጥ አልገባም።

ኢልሆም በመኸር ከወታደር ቤት መጣ፤ ቀጭን ሆኖ፣ ደረቱ ሰፍቶ። እናት ስለሌለችው ሙሐዮ ናት አቅፋ የተቀበለችው። ለወንድሙ ከሰው አገር ምላጭ ይዞለት መጥቶ ነበር። ሻይ ተቀዳ፣ ሥጋና ካሮት የበዛበት ሩዝ ቀረበ። ከዚያ ዛፎቹን ሊያይ ወጣ፣ ሲመለስም ቆሞ ቀረ።

«ጋሼ፣ ዛፎቼ ምን ሆኑ?»

«ቆረጥኳቸው። ለሻወሩ… ፀሐይ ከልለውብን ነው።»

ኢልሆም ሽማግሌውን አየ፤ ሽማግሌው ሳህኑን ያያል። ሙሐዮ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ጓዳው በር ላይ ነበረች። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር ትላለች በልቧ፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ታላቅ ወንድሙን አንቱ ሲል ያደገው ልጅ፣ «አንተ፣» አለው። «በራስህ ዛፍ ጣሪያ ሠራህበት፣ በእኔ ታጠብክበት።»

የቀሩት ዛፎች ለቤት አይበቁም ነበር። ሽማግሌው ከሌላ ቦታ እንጨት እንፈልጋለን ቢል፣ ዮልዶሽ የእኔን ጣሪያ አፍርሼ እሰጥሃለሁ ቢል፣ ኢልሆም አልሰማም። የከፋው ነገር እንጨቱ አልነበረም። እሱ በሰው አገር ብርድ ቀን እየቆጠረ ሳለ ገዛ ወንድሙ ለገላው ሙቀት ብሎ ቤቱን ቆረጠበት። ሚርዛቾል በሚባለው ሩቅ ሜዳ ላይ የመንግሥት እርሻ ለሠራተኛው የጡብ ቤት እንደሚሰጥ ሰማና ሄደ። እዚያው አገባ። ሰርጉ ላይ ዮልዶሽ አልተጠራም።

«ለምን አትነግረውም?» አለችው ሙሐዮ አንድ ጊዜ።

«ምኑን?»

«ቃሉ ከእኔ እንደወጣ።»

«መጋዙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ደግሞ አንቺ ከሰው ቤት የመጣሽ ነሽ። እኔን ቢጠላ ወንድሜ ነው፣ ይበርድለታል። አንቺን ከጠላ አይበርድለትም።»

አንድም ቀን ተቆጥቶ አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይቀላት ነበር። በየፀደዩ ጉቶዎቹ ያቆጠቁጣሉ፤ እሱ በየፀደዩ ቀንበጡን በቢላዋ ይመለምላል፣ የእሷ ውሃ እንዳይጋረድ። ያን ሲያደርግ ከጓዳው በር ሆና ጀርባውን ታያለች። ግን ትታጠባለች። ከማሳ ስትመለስ እግሯ በራሱ ጊዜ ወደዚያ ይወስዳታል።

ማማራሱል ሲደክም ሞቅ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ የምታቀርብለት እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት እጁ ላይ እያፈሰሰችለት አወጣችው።

«አባባ፣ ዛፎቹን… ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ሙሽራዬ። ዮልዶሽ እንኳን ዛፍ ጢሙን በራሱ ሐሳብ ቆርጦ አያውቅም።» ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። «ለእኔ ነግረሽ ምን ይረባል? ባለዛፉ ሚርዛቾል ነው። ባቡርም አለ።»

እሄዳለሁ አለች። የጥጡ ለቀማ ይለቅ አለች፤ ለቀማው ሲያልቅ የልጇ ሰርግ ደረሰ፤ ሰርጉ ሲያልፍ ሽማግሌው ሞተ። በቀብሩ ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች በቃሬዛው ግራና ቀኝ ሆነው ሳይተያዩ ተሸከሙት። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ በየቀኑ ይሄድ ነበር፤ ሙሐዮ ግን አልሄደችም። ዓመቱ እንዲህ ያልቃል። ዮልዶሽ በደረቱ ታሞ ፀጉሩ ሳይነጣ አረፈ፤ አንድ ቀን ይበርድለታል እንዳለ።

ኢልሆም ለአርባው መጣ። ቁርዓኑ ተቀርቶ ሰው ሲበተን ሙሐዮ ወደ ጓሮው ይዛው ወጣች። ጉቶዎቹ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ላሟንም፣ ቀልዱንም፣ ሸምበቆው ውስጥ ዝም ማለቷንም። ራሷን ለማዳን አንድ ቃል አልጨመረችም።

ኢልሆም ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። በርሜሉን ቀና ብሎ አየው፤ ቀለሙ ተላልጦ ዝጓል።

«እትዬ፣» አለ በመጨረሻ፣ በዚያው በድሮው አክብሮት። «እኔ ያን ሁሉ ዘመን ወንድም አልነበረኝም። ለእርስዎ ውሃው ይሞቅ ነበር?»

ልትዋሽ ትችል ነበር።

«ይሞቅ ነበር፣» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። የወንድሙን መቃብር እንዲያሳየው ትንሹን የወንድሙን ልጅ ጠራው፣ አብረውም ሄዱ። ከመቃብሩ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዳቦ ቆርሶ ቀመሰ፣ ከዚያ ወደ ጣቢያው ወጣ።

በሚቀጥለው ፀደይ ጉቶዎቹ ሲያቆጠቁጡ ልጇ ቢላዋ ይዞ መጣ፤ ሙሐዮ ቢላዋውን ከእጁ ተቀበለችው። አሁን ቀንበጦቹ አድገው ዛፍ ሆነዋል፤ ከአንድ ሥር ሁለትና ሦስት እየሆኑ፣ እንደ ድሮዎቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም። በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነው።

«አያታችን ሻወሩን አቀዘቀዘችው፣» እያሉ የልጅ ልጆቿ ይነጫነጫሉ። እሷ በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ትታጠባለች፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

ኢልሆም ሚርዛቾል ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፤ ከአርባው ወዲህ ኦቃሪቅ አልመጣም። ሙሐዮ ዛሬም እዚያው ግቢ፣ ከመጨረሻ ልጇ ጋር ትኖራለች።