ለሐኪሙ ሴት ያደረግሁት ሰው

እብጠቱ ከመንጋጋዬ ሥር በግራ በኩል ወጣ። እናቴ በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችውና «ቶንሲል ነው» ብላ ፈረደች። በሰፈራችን በቀራንዮ ከአገጭ በታች ከደረት በላይ ያለ በሽታ ሁሉ ቶንሲል ነው። ፌጦ በሎሚ አጠጣችኝ፤ እኔም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ ካፕሱል ገዝቼ ዋጥኩ። እብጠቱ ሁለታችንንም ንቆ ባለበት ተቀመጠ።

እውነቱን ለመናገር ቶንሲል እንዲሆን እኔም እፈልግ ነበር። የምወደው ሰው ወንድ ነው። በሰፈራችን ሁለት ወንዶች ተቃቅፈው ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያይ የለም፤ ጓደኛሞች ናቸው ተብሎ ይታለፋል፣ እኛም ለዓመታት የኖርነው እዚያ ሥር ተጠልለን ነው። ከበሽታ የምንፈራው ኤችአይቪን ብቻ ነበር። ተመርምረን ነፃ የተባልን ቀን ዓለም የእኛ ሆነች። በአፍ የሚደረገውንማ ከነጭራሹ ከአደጋ አንቆጥረውም፤ «እሱ ምን አለው» እንባባልና እንስቃለን። የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ተከትባ ክንዷን ይዛ ስትመጣ፣ እንኳን ወንድ ሆንኩ ብዬ ቀልጄባታለሁ።

ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ስሄድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። ሠላሳዎቹን ያጋመስኩ ሰው ነኝ፤ ግን በእኛ ቤት ታማሚ ለብቻው ሐኪም ፊት አይቀርብም፣ ወገን የለውም ያሰኛል። ሐኪሙ ወጣት ነው። ሲጋራ አጨስ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«እሱ? ጠላ እንኳን በበዓል ነው የሚቀምሰው» አለች እናቴ።

ሐኪሙ እብጠቱን ዳሰሰ፣ አፌን አስከፍቶ በባትሪ አየ፣ ከዚያ «እናቴ፣ እስኪ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» አላት። እየቀፈፋት ወጣች። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ በአፍ በሚደረግ ግንኙነትም እንደሚተላለፍ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ወንዱንም የጉሮሮ ካንሰር ሊያስይዝ እንደሚችል ነገረኝ። የሳቅንባቸው ጊዜያት ሁሉ ባንዴ መጡብኝ።

«ስለዚህ ሳትደብቅ ንገረኝ» አለኝ። «የፍቅር ጓደኛ አለህ?»

በሩ ስስ ነው፤ እናቴ ከበሩ ማዶ ቆማለች። ሐኪሙም ሰምቶ የት እንደሚያደርሰው አላውቅም፤ እንደኔ ያለውን ሰው ሕጉ ያስራል፣ ከሕጉ በፊት ደግሞ ሰፈሩ አለ።

«አለች» አልኩት።

ዕድሜዋን ጠየቀኝ፤ ሰጠኋት። ሥራዋን ጠየቀኝ፤ ፀጉር ቤት አስገባኋት። ውሸቱ እንዲህ መቅለሉ ራሱ አሳፈረኝ። ሐኪሙ በቅንነት የማህፀን በር ምርመራ እንድታደርግ ንገራት አለኝ። ምክሩ በሌለ ማህፀን ላይ ባከነ፤ ስላለው ጉሮሮ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ።

ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደና ውጤቱ የእጢ ቲቢ ሆነ። ቲቢ ይዞሃል ተብሎ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ተደሰትኩ። ለጎረቤት የሚነገር በሽታ ነው። እናቴም ነገረች፣ ጎረቤቱም እንቁላልና ወተት እየያዘ መጣ። ሐኪሙ ግን ሲያሰናብተኝ እንዲህ ብሎኝ ነበር፤ «ይሄ ቲቢ ነው ማለት ያኛው ቫይረስ የለም ማለት አይደለም። ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። የማይለቅ የጉሮሮ ሕመም ወይ ለመዋጥ መቸገር ካለ ቶሎ መታየት ነው። ለእሷም ንገራት።»

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ከምወደው ሰው ጋር ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ተገናኘንና ሁሉንም ነገርኩት። ስፕሪሱን በማንኪያ እያማሰለ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ «እኔም እኮ ከሰሞኑ ስውጥ ይከረክረኛል» አለኝ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«ሂድና ታይ» አልኩት። «ዛሬ ነገ ሳትል።»

«ለሐኪሙ ስለ እኔ ምን አልከው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ሴት ናት አልኩት። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው አልኩት።»

በሁሉ ነገር የሚቀልድ ሰው ስለሆነ ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም። ብርጭቆውን ገፋ አደረገና «እኔስ ስሄድ አንተን ማን ልበልህ?» አለኝ።

የፈለግከውን በል ማለት ነበረብኝ። ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ውስጤ እኔን አታንሳኝ እያለ ይለምነው ነበር፣ እሱም ፊቴ ላይ አነበበው። ተነስቶ ወደ ታክሲ ተራው ሄደ። ጉሮሮው አሁንም ይከረክረዋል፤ ሐኪም ጋ ግን አልሄደም።