አራት መቶ የአይሲ እግር

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ውስጥ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው በጣም ስላስደሰተኝ ወይም በጣም ስላሳዘነኝ አይደለም። ሁለቱንም ሳያደርገኝ ስላለፈ ይመስለኛል። ሊያስደነግጠኝ የሚገባ ነገር ከፊቴ ሲሆን ተቀምጬ አየሁት፤ ያ ነው የሚገርመኝ።

አስቀድሜ ግን ማን እንደሆንሁ ልናገር፤ ሥራውን ለመረዳት ሠራተኛውን ማወቅ ያስፈልጋልና። ታከለ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ላይ አርባ ስድስት ዓመት ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥንና ዲሽ ጠግኛለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ትምህርት ቤት የሄድሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። መጀመሪያ የፈታሁት የአጎቴን ሬዲዮ ነበር። መልሼ ስገጥመው ሦስት ብሎን ተረፈኝ፤ ሬዲዮው ግን ከበፊቱ አብልጦ ጮኸ። ከደምበጫም ይምጣ ከዱርቤቴ፣ ሌላው ሠሪ አልችልም ብሎ እጁን ያነሳበት ዕቃ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ዲፕሎማ ያላቸው ሁለት ሰዎች ከሱቄ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍተው ዘግተዋል። ለመመካት ብዬ አይደለም። ለመመካትም ቢሆን እውነት ነው።

ባለቤቴ ከዚያ ኅዳር ስድስት ወር ቀደም ብላ አርፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ፣ ሲመሽ እዘጋለሁ። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ለቅሶ ቤት ሄጄ እቀመጣለሁ። ምስሉ አለ፣ ድምፁ ግን የለም፤ እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ቄስ ሞላ የሚባሉ ካህን መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ከባድ ዕቃ ታቅፈዋል። መስቀላቸውን ተሳለምሁና ወንበር ሰጠኋቸው።

«ይህን የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት፣ አያ ታከለ» አሉ።

«ማነው ያለዎት?»

«የጠየቅሁት ሁሉ።»

«እንግዲያው ልክ ነው» አልኋቸው።

ነጠላው ሲፈታ አሮጌ ጥቁር የጌም ማሽን ወጣ። በላዩ ላይ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው። «ይህ ማሽን ሚሞሪው አነሰው። ቦርዱ ላይ አራት ባዶ ቦታ አለ። ከሌላ እንዲህ ዓይነት ማሽን አራት አይሲ ተነቅሎ ቢበየድበት ሚሞሪው እጥፍ ይሆናል። አንዱ አይሲ መቶ እግር አለው» ይላል።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«ልጄ ይበልጣል ነው።»

«ታዲያ ለምን ራሱ አልመጣም? ብናወራበት ይሻል ነበር።»

«አያወራማ» አሉ ቄሱ።

ነገሩን በዝግታ ነገሩኝ። ልጃቸው ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ኮምፒዩተር ተምሮ ተመርቆ፣ ከቤት ርቆ ሥራ ይዞ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ ቃል አላወጣም። እንዲህ ከሆነ ሰባት ወሩ ነው። ያቀረቡለትን ይበላል፣ ቅዳሴ ከደጅ ቆሞ ያስቀድሳል፣ የቀረውን ቀን ማሽኑ ፊት ይቀመጣል። ራሱ የሚሠራው አንድ ጌም አለ፤ ሊጨርሰው ሲቃረብ ምስሉ ባለበት ቆሞ ማሽኑ ይደርቅበታል።

«በሰባት ወር ውስጥ ከሰው የፈለገው ነገር ይህ ብቻ ነው። ይህም ከቀረበት እንግዲህ ምን እንደምሰጠው አላውቅም» አሉ።

ምን እንዳገኘው አልጠየቅሁም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

«ይቻል ይሆን?» አሉ።

«አባ፣ እኔ ዘንድ ድረስ መጥተው ይቻል ይሆን ይላሉ?»

ማሽኑን ከፈትሁት። እውነትም አይሲ የሚባለው ዙሪያውን የብረት እግር ያለው ትንሽ ጥቁር ዕቃ የሚቀመጥበት አራት ባዶ ቦታ አለ። ከቦርዱ ጠርዝ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ። «ውሃ ነክቶታል?» አልኋቸው። «ኧረ የለም» አሉ። ቀኑን መብራት ስላልነበረ ሳልሞክረው ተቀበልሁ። ይህ ስሕተት ነው። ስሕተቴ ብዙ ስላልሆነ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለቄሱ ያልነገርኋቸው አንድ ነገር ነበር። በስኳር በሽታ ምክንያት የጣቶቼ ጫፍ ደንዝዟል። ብሎን ስይዝ መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። ለሬዲዮና ለዲሽ ይህ ችግር አይሆንም። ለአራት መቶ እግር ግን ችግር ነው። ያም ሆኖ እምቢ ማለት አላሰብሁም። እምቢ ማለት እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም ነበር።

ደምበጫ ላይ የተዘጋ ጌም ቤት ነበር፤ እዚያ የሞተ ተመሳሳይ ማሽን መኖሩን አውቃለሁ። በሚኒባስ አስመጣሁት። አይሲ የሚነቅለው የሙቅ አየር መሣሪያ የለኝም፤ አያስፈልገኝምም። ከሰል አቀጣጥዬ በላዩ ጠፍጣፋ ብረት አደረግሁ፤ በብረቱ ላይ የሞተውን ቦርድ አስቀመጥሁ። እግሮቹን ከቦርዱ ያጣበቀው ሊድ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ አይሲዎቹን በወረንጦ አንድ በአንድ አነሳኋቸው። አንድም እግር አልጎበጠም። ይህን ዘዴ ማንም አላስተማረኝም።

ብየዳው ሁለት ቀን ወሰደ። የአይሲው እግር ከጤፍ ፍሬ ይቀጥናል። አጉሊ መነጽሬን አድርጌ፣ የብየዳ ብረቴን ካውያውን በቀኝ ይዤ፣ ሊዱ እንዲይዝ ሙጫ እየቀባሁ እግሮቹን ከየቦታቸው አስያዝኋቸው። ስጨርስ በቴስተር ለካሁ። ሁሉም ልክ ነው። መብራቱ መጥቶ ነበርና ማሽኑን ሰካሁት። የማሽኑ መብራት ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሜ ሰካሁት፤ ብልጭ አለና ጠፋ።

መጥፎ ስሜት ሊሰማኝ ይገባ ነበር። አልተሰማኝም። ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ። «እጄ ነው» አልሁ በልቤ፣ ስለ ሌላ ሰው እጅ እንደሚወራ ያህል። ከዚያ ለቄሱ ደወልሁና ልጁን ይዘው እንዲመጡ ነገርኋቸው። ምናልባት ጽፎ የሚነግረኝ ነገር ይኖራል ብዬ ነው።

በማግሥቱ አብረው መጡ። ይበልጣል ረጅምና ቀጭን ነው። ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ ከጠረጴዛዬ ማዶ ተቀመጠ። ሰላም አላለኝም፤ ጎንበስ ብቻ አለ። ቄሱ በር አጠገብ ተቀመጡ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ወርቁ በሩ ላይ የስፌት መኪናውን ይዞ ይውላል፤ አፉም አያርፍም። «አያ ታከለ፣ ማሽኑም ዝም፣ እንግዳውም ዝም። ሱቁን ገዳም አደረግኸው እኮ» አለኝ።

«አንተ ካለህበት ገዳም አይሆንም» አልሁት። ቄሱ ትንሽ ፈገግ አሉ። ልጁ አልሳቀም።

እግሮቹን እንደገና ከመጀመሪያው መፈተሽ ጀመርሁ። የቦርዱን ጠርዝ በግራ እጄ ይዤ፣ ዓይኔን ከመነጽሩ ሳልነቅል ካውያውን አስጠጋሁ። የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የቦርዱ ቀለም ነው ብዬ ቀጠልሁ።

«አባባ፣ ጣትዎ።»

ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቅሁም። ወርቁ መሰለኝ።

«ጣትዎ እየተቃጠለ ነው። ያንሱት።»

ከመነጽሩ ቀና አልሁ። የካውያው ብረት በግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ ተኝቷል። ቆዳው ነጭ ሆኗል። አነሳሁት። ምንም አላመመኝም። ቀና ስል ይበልጣል ጋቢውን ከአፉ አውርዶ ያየኛል።

የወርቁ መኪና ቆመ። ቄሱ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ወዲያው መልሰው ተቀመጡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አያመዎትም?» አለኝ ልጁ። ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ነበር።

«አያመኝም።»

«እንዴት?»

«ደንዝዟል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«እኔም» አለ።

ከወርቁ ቁራጭ ጨርቅ ተቀብሎ ጣቴን አሰረልኝ። ቋጠሮውን ሲያጠብቅ አየሁት እንጂ አልተሰማኝም።

አስሮ ሲጨርስ ወደ ቦርዱ ጎንበስ አለ። «ብየዳው ጥሩ ነው» አለ። «የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ከቤት ሲወጣ እናቴ ጠበል ረጭታበታለች።»

ወደ ቄሱ ዞርሁ። «አባ፣ ውሃ ነክቶታል ብዬ ጠይቄዎት አልነበር?»

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ፣ አሁንም ወደ ግድግዳው እያዩ። «እርጪበት ያልኋት እኔ ነኝ። የእሱ ነገር ስለሆነ ተባርኮ ይሂድ ብዬ። ጠበል ያድናል እንጂ ያበላሻል ብዬ እንዴት ላስብ?»

ቦርዱን ገለበጥሁት። ጠበሉ ከአፈር የሚወጣ ነው፤ ጨው አለበት። ሲደርቅ በመብራት ማስገቢያው በኩል ከጥቃቅን ዕቃዎቹ ሥር ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ወርቁን ከጎረቤት ሁለት ጊዜ የተጣራ ዳግም አረቄ እንዲያመጣ ላክሁት። ቦርድ የማጥበው በእሱ ነው፤ ከፋርማሲው አልኮል አይተናነስም።

ቄሱ በጥርስ ብሩሽ ስፈትገው አዩ። «ጠበሉን በአረቄ?» አሉ።

«አይጨነቁ አባ፣ የሚጠጣው ማሽኑ ብቻ ነው» አለ ወርቁ። «ለእርስዎ የሚተርፍ የለም።»

ቄሱ ሳቁ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፣ እንደገና ሳቁ።

ቦርዱን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ስመለከተው ቅድም ጣቴ ሲቃጠል ካውያው በነካው አይሲ ላይ ሁለት እግሮች በሊድ ተያይዘው አገኘሁ። ጣቴ ከታሰረ በኋላ ግራ እጄ ጨርሶ የማይታዘዝ ሆነ። ይበልጣል ቦርዱን ያዘልኝ። ካውያውን ግን አልሰጠሁትም። «ወደ ግራ» ይለኛል፣ «ትንሽ ወደ ታች። አሁን ነካ። በቃ፣ ያንሱ።» ጣቴ የማይነግረኝን እሱ ነገረኝ፤ እግሮቹ ተለያዩ።

ሰካሁት። መብራቱ በራ፤ አልጠፋም።

ከሱቄ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼው ጌሙ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁ። ጋሪ ነው። ባለ አንድ ፈረስ ጋሪ ከቡሬ ተነሥቶ በአስፋልቱ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመጣል። ባጃጅ ያልፈዋል፣ በግ የሚነዱ ሰዎች ይሻገራሉ። ይበልጣል ጋሪውን ከተማው መግቢያ ድረስ አመጣና አንድ ጊዜ ቆመ። «እስከ ዛሬ የሚደርቀው እዚህ ላይ ነው» አለ። ከዚያ ነዳው። የቅዳሜው ገበያ ከነሰዉ ከነከብቱ መጣ። አልደረቀም። ጋሪው በሰዉ መካከል እየተሹለከለከ አለፈ።

ዋናውን መንገድ ተከትሎ ሲሄድ በደንብ ተመለከትሁ። «የእኔ ሱቅ የት አለች?» አልሁት።

«የለችም።»

«እንዴት አትኖርም? ሻይ ቤቱ አለ፣ የወርቁ ሱቅ እንኳ አለ።»

«ሚሞሪው አልበቃማ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ይበቃል» አለ።

ማሽኑን በነጠላው ጠቅልለው ሄዱ። ቄሱ ሲወጡ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

ሰው «ያን ጊዜ ምን ተሰማህ?» ይለኛል። ብዙ አልተሰማኝም። ያን ዕለት ማታ ሱቄን እንደ ሁልጊዜው ዘጋሁ። አሁንም ሳስበው ደረቴ ውስጥ የሚነቃነቅ ነገር ትንሽ ነው። ግን ያ ትንሽ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም፤ ስለዚህ ነው የጻፍሁት። ይበልጣል ዛሬም ብዙ አያወራም። እናቱን «ውሃ ስጪኝ» እንደሚላትና ከአባቱ ጋር በአጭር በአጭሩ እንደሚነጋገር ሰምቻለሁ። እናቱ ጠበሉ ነው ያዳነው ትላለች። አልከራከራትም። ካውያውን የያዝሁት ግን እኔ ነኝ።

እንግዲህ የቻልሁትን ልናገርና ላብቃ።

አራት አይሲ ከሞተ ማሽን ላይ በከሰል እሳት ነቅያለሁ፤ አንድም አልተበላሸም።

አራት መቶ እግር፣ የአንዱም ቦታ ሳይሳሳት፣ በደነዘዘ እጅ በይጃለሁ። ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ይህን የሚያደርግ ካለ ይምጣና እንተያይ።

የተቃጠለ ጣቴን ይዤ ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። ስኳሬንም አስለክቻለሁ፤ መድኃኒቱን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ።

ሰባት ወር ዝም ያለ ሰው ሱቄ ውስጥ አፉን ከፍቷል። ይህንን ከሥራዬ እቆጥረዋለሁ፤ አትቁጠር የሚለኝ ካለ ከዚያ ወንበር ላይ ያልነበረ ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ እግሩ እንደዚያ የቀጠነ ሥራ ሁለት ጊዜ መጣልኝ። ዕቃውን አየሁ፣ ጣቴን አየሁ፣ «ይህን እኔ አልችለውም» ብዬ ለባለቤቶቹ መለስሁላቸው። እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር። እሱንም ቻልሁ።