ሺፍት ላይ ያለችው ዝይ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ካልጋሪ፣ ቦው ወንዝ ዳር አንድ ያልታሰረ ግዙፍ ውሻ እንቁላል የታቀፈች ዝይ ላይ ሲንደረደር አየሁ። ዝይዋ እየጮኸች ሸሸች፤ እንቁላሎቿ ጠጠሩ ላይ ለብርድ ቀሩ።

ባለቤቱን «እባክህ እሰረው!» አልኩት።

«አይዞህ፣ ፍሬንድሊ ነው» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል። እንቁላሎቹን አማክሮ ይሆናል።

አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቴ ጋሼ ተኪኤ «ቆይ፣ እኔ አሳየዋለሁ» ብለው ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ አሉ። አገር ቤት ይህ ብቻውን ውሻን ሰፈር ያስለቅቃል። የካልጋሪው ግን ኳስ ሊወረወርለት መስሎት፣ ጭራውን እየቆላ መጥቶ ፊታቸው ቁጭ አለ።

«ድንጋይ እንኳ አያውቅም እኮ!» አሉ ጋሼ። ከዚያ እንጨት አንስተው ከጎጆው አርቀው ወረወሩለት፤ ይዞ ሲመጣ እንደገና። ዝይዋ በዚህ መሐል ተመልሳ ታቀፈች።

ባለቤቱ ሲሄድ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስላጫወታችሁልኝ ቴንክ ዩ!»

የዳውንታውን መሥሪያ ቤቶች ሌይ ኦፍ ብለው ከሥራ ካሰናበቱን ወዲህ በሥራ ቀን ወንዝ ዳር የምንውለው በዝተናል፤ እኔም አንዱ ነኝ። እዚያ ዳርቻ ላይ ግን ሺፍት ያላት ዝይዋ ብቻ ናት። እሷን እንኳ ከሥራዋ አናፈናቅላት፤ ውሻችሁን እሰሩ!

እናንተስ፣ «ፍሬንድሊ ነው» የተባለላችሁ ውሻ ምን ሲያደርግ አያችሁ? ጻፉልኝ፤ ጋሼም በውርወራ የዛለ ክንዳቸውን እያሹ ይሰማሉ።