ስድሳ ዋት የተባለው ማጉያ

ፍኖተ ሰላም ሳይንስ በማስተምርበት ጊዜ ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። የሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ ይወዳሉ። የነበራቸው የድምፅ ማጉያ አሥራ ሁለት ዋት ብቻ ስለነበር፣ ክረምት ላይ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ «አንተ የተማርክ ነህ፤ ጠንከር ያለውን አይተህ ግዛልኝ» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት አቀረቡልኝ። አንዱ ብረት የመሰለ ከባድ፣ ሃያ ዋት የሚል። ሌላው ቀለል ያለ፣ ፊቱ ላይ በወርቃማ ቀለም «60» የተጻፈበት። ቅለቱ ሊያጠራጥረኝ ሲገባ ቁጥሩ አሸነፈኝ። የዓባይን በረሃ ጭኔ ላይ አቅፌው ተሻገርኩ።

የከተማው ሞተር ተነስቶ መብራት ሲመጣ፣ የሰፈሩ ሰው በተሰበሰበበት ገጠምኩት። ድምፁ ከአሮጌው አልበለጠም። ቁልፉን ጨመር ሳደርገው ጭራሽ ሻከረ።

«ልጄ፣ ስድሳው የት ገባ?» አሉኝ ሽማግሌው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«መብራቱ ደክሞ ነው፣ ጌታዬ።»

በማግስቱም ደክሟል አልኩ፤ በሳምንቱም። ሰበቤ ሲያልቅ ዕቃውን በጭነት መኪና ይዤ ቡሬ ሄድኩ። እዚያ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ራዲዮም የሚጠግን ሰው ነበር። የጎረቤቴ መሆኑን ስነግረው ክዳኑን ፈትቶ አየና «ያልተበላሸ ምን ልጠግንልዎ? ይልቅ ከኋላው የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡልኝ» አለ። እንግሊዝኛ አያውቅም።

ስድሳውን አነበብኩለት።

«ከሱ በታች ያለውን።»

በታች ጉንዳን የሚያካክሉ ፊደሎች ነበሩ። ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ስድሳው ለቅጽበት ያህል ብቻ የሚወጣ ጉልበት ነው፤ ያውም የግራና የቀኙ ተደምሮ።

«ሳያቋርጥ የሚሰጠው ግማሹን ነው፣ ሠላሳ» አለ። «እሱም ለግራና ለቀኙ ስፒከር ለሁለት ይከፈላል። ሰውየው ስንት የድምፅ ሣጥን አላቸው?»

«አንድ።»

«እንግዲህ አሥራ አምስት። እንዳይሻክር ከፈለጉ ከዚያም ዝቅ ይላል። የኔም ሞተር እንዲሁ ነው፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ጉልበት እህሉ አይቶት አያውቅም።»

በመንገዴ ሁሉ ስናደድ ተመለስኩ። ዋት ምን እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! «ለምን ያህል ጊዜ? በስንት ሣጥን?» ብሎ መጠየቅ ግን አልመጣልኝም። ያ ከባዱ ሃያ ዋት ምናልባት እውነቱን ነበር የሚናገረው።

ለሽማግሌው ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

«ሐሰት አልጻፉም ማለት ነው?»

«አልጻፉም፣ ጌታዬ።»

«ፍርድ ቤትም ያስቸገረኝ እንዲህ ያለው ባላጋራ ነበር» አሉና ለፋብሪካው ደብዳቤ አስጻፉኝ። እሳቸው እንደ ክስ እያረቀቁ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ፣ ቁጥሩን የማን ጆሮ እንደሚሰማው እንዲነግሩን ጠየቅን።

ከወራት በኋላ ወፍራም ፖስታ መጣ። መልስ የለውም። የሚያብረቀርቅ መጽሔት ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ላይ አዲስ ማጉያ፣ መቶ ሃያ ዋት።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ሲመረምሩ ቆዩ።

«ከታችስ ምን ይላል?» አሉኝ።

ገጹን አገላብጬ ፈለግሁ። ምንም አይልም። በዚህኛው ላይ ትንንሾቹን ፊደሎች ጨርሰው ትተዋቸዋል።