አክስቴ ያልተኙበት አልጋ

ለበዓል የእንግዳ መኝታ ቤቱን አሰናድቼ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሳሙና ሳስቀምጥ፣ ሽታው የልጅነት ንዴቴን ቀሰቀሰው።

ልጅ ሳለሁ ለፋሲካ የአባቴ እህት ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው ተብሎ፣ የድሬዳዋ ገጠር የጀልዴሳ ልጅ የሆነችው እናቴ መኝታ ቤቷን ለቀቀችላቸው። ግድግዳውን ኖራ ቀባች፤ በዚያ በድሬ ሙቀት ከቦኖ ውሃ እየተሸከመች የመታጠቢያ ቤቱን በርሜል ሞላች፤ አዲስ ሳሙናም አስቀመጠች።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመው አዩና «ይቺ ያነጠፈችው ላይ አልተኛም፤ ሆቴል ውሰደኝ» አሉት አባቴን። አባቴ ቃል ሳይተነፍስ ሻንጣቸውን አነሳ።

«እማዬ፣ አልጋው ቆሽሿል እንዴ?» አልኳት።

«አልጋውን አይደለም የተጸየፉት፤ የመጣሁበትን ነው» አለችኝ። እኔ መንገዱን መስሎኝ ነበር።

ትውልዷን ማለቷ እንደነበር አድጌ ሲገባኝ አንገበገበኝ፤ የአባቴ ዝምታ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ትናንት አክስቴ ደውለው «ለበዓሉ አንቺ ጋ ልረፍ» አሉኝ።

«ክፍሉን ያዘጋጀሁት ለእናቴ ነው» አልኳቸው።