ወፍጮው የቆመበት ክረምት

ታላቅ ወንድሜ ከሶዶ በሁምቦ መንገድ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የናፍጣ ወፍጮ ነበረው። ወደ ኬንያ የሚሄደው የኃይል መስመር በግቢው አናት ያልፋል፤ አንዱ ማማ የቆመው አባታችን ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ይተክልበት በነበረው ማሳ ላይ ነው። ቤቱ ግን መብራት የለውም። ዝናብ ሲያካፋ ሽቦው ከላይ ያጉረመርማል፤ እሱ ከታች በናፍጣ ይፈጫል።

ናፍጣው ደግሞ በጅቡቲ ወደብ ነው የሚገባው። መንገዱ ላይ ግጭት ተነሳ በተባለ ቁጥር ሶዶ ያሉ ማደያዎች ደጃፋቸው ላይ ገመድ ይዘረጋሉ። ያን ክረምት ገመዱ ሳይነሳ ሰነበተ። ገመዱ በተነሳ ዕለት፣ የክረምት ትምህርት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ ለወንድሜ ብዬ ጀሪካን ይዤ ስሰለፍ፣ በጀሪካን አንቀዳም ብለው መለሱኝ።

ደውዬ ነገርኩት። «ትንሽ ታገስ፣ ይመጣል» አልኩት።

«ሰው በቆሎውን ተሸክሞ መጥቶ ተሸክሞ ይመለሳል። ምን ብዬ ልታገስ?» አለኝ።

ከመንገድ ዳር ነጋዴ ገዛ። ናፍጣ ነው የተባለው ቤንዚን የተቀላቀለበት ነበር። በጋለው ሞተር ላይ ሲጨምር ነደደ።

ሆስፒታል ስደርስ ሁለት እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣ ውሃ ታጠጣዋለች። «የናፍጣው ሽታ ገርሞኝ ነበር፤ ግን ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ተሰልፈው እያዩኝ ነበር» አለኝ።

ከዳነ በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አብሬው ሄድኩ። ከሌላ ቦታ የመጣ ባለሙያ ስለ መስመሩ አስረዳን። «ጎረቤት መብራቱን ከእኛ ካገኘ ክፉ አያስብብንም። ይህ ሽቦ የሰላም ዋስትና ነው» አለ። ተጨበጨበ።

ወንድሜ የተጨማደደ እጁን አነሳ። «ክፉ ካሰበብን እናጠፋበታለን ማለት ነው?»

«ኧረ እንደሱ አይባልም፣ ወንድሜ።»

«የእኛ ናፍጣ ሲቆም ግን እንደሱ አይባልም ያለልን የለም። እኔ ከማንም ጋር አልተጣላሁም።»

«ጥያቄዎ ለሚመለከተው አካል ይደርሳል» አለና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ለኬንያ ሰው ቂም የለኝም። ናይሮቢ ውስጥ አምፖል የሚያበራው ሰው እኛን ከየት ያውቀናል? እኔም ወደብ ላይ ናፍጣችንን የሚቀዳውን አላውቀውም። የሚያስመርረኝ ሌላ ነው፦ የአንዱ አገር ማብሪያ በሌላው እጅ መግባቱን መተማመን ብለው የሚጠሩልን ሰዎች፣ ማብሪያው ሲጠፋ ጨለማው ውስጥ አይገኙም።

ወፍጮው ተዘጋ፤ ሞተሩን የበዴሳ ከተማ ነጋዴ ገዛው። አይሱዙ ላይ ሊጭኑት ሲያነሱ ወንድሜ ሊያግዝ ገባ፤ ጣቶቹ አልጨብጥ አሉት።

«ተወው፣ እነሱ ይጫኑት» አልኩት።

እሱ ግን ክንዱን ከሞተሩ ሥር አስገብቶ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከመ።