የአስካለ ዜማ

ልጅ ሳለሁ፣ ቤተ መንግሥቱ ገና ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ሳይነሣ፣ ደራሲ ምን እንደሆነ አጥርቼ ዐውቅ ነበር። ደራሲ ማለት ጢሙ የረዘመ፣ ከሞተም ብዙ ዘመን ያለፈው ወንድ ነው።

አክስቴ አስካለ ጢም አልነበራትም፤ አልሞተችምም። በሁዳዴ ምሽት ፍሙ አጠገብ ተቀምጣ፣ በገናዋን እየደረደረች የዮናስን ታሪክ ስትነግረኝ፣ ግጥሙንም ዜማውንም የምትደርሰው ራሷ ነበረች። አንዱን ስንኝ ደጋግማ ስታፈርስና ስትሠራ፣ ጧፉ እስኪያልቅ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

አባቴ መሪጌታ ነበር፤ በገናም ያስተምር ነበር። የእህቱን የዮናስ ዜማ ሲሰማ ዕንባው መጣ፤ ከማን እንደተማረችውም ጠየቃት። የራሷ መሆኑን ነገረችው። ጥቂት አሰበና ከጎጃም የመጣ አንድ መነኩሴ ሳይሆን አይቀርም አለ። ካህናቱ ሲሰሙት ደግሞ መነኩሴው አነሰባቸው፤ ያያቶቻችን ዘመን ዜማ ነው አሉ። ዜማው ባማረ ቁጥር ባለቤቱ እያረጀ ሄደ። ጾሙ ሲጋመስ ደራሲነቱ መልአክ ዘንድ ደርሶ ነበር።

አክስቴ የፈለገችው፣ አባቴ ለተማሪዎቹ በብራና ሲጽፈው ግርጌው ላይ ስሟን እንዲያኖር ብቻ ነው።

«አስካልዬ፣ ስምሽን ባኖር ማን ይማረዋል? ለዜማው ብዬ ነው» አላት።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ ስሠራው አይቷል። ጠይቀው።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ያኔ ፊደል የሚያስቆጥረኝ እሱ ነበር፤ አለንጋውም ከእጁ አይለይም። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አልሁ።

በማግስቱ ካህናቱ በተሰበሰቡበት፣ ሆን ብላ መነሻውና መድረሻው የማይተዋወቅ፣ የሚያነክስ ዜማ ደረደረች። አባቴ ሳቀ።

«ይኸስ ያንቺ ነው።»

«በምን ዐወቅህ?»

«ታዲያ የማን ይሆናል?»

አክስቴ አውታሩን አላልታ በገናዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ለፋሲካ ገና ሁለት ሳምንት ይቀር ነበር። ከዚያ ወዲያ አላወረደችውም።

ዮናስ ዛሬ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን ይደረደራል። የማን እንደሆነ ላስረዳ ስሞክር፣ የአባቴ ተማሪዎች በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ፣ «ያኔ ተኝተው አልነበረም እንዴ?» ይሉኛል። አክስቴ ስሟ ግን አልጠፋም። ጀማሪ ጣቱ ስቶ ዜማውን ሲያንሻፍፈው፣ መምህሩ «የአስካለን አመጣኸው» ይለዋል።